ማክስ ኡዌ ያሸነፈው አሌኪን ስለሰከረ ነው የምትሉ፣ ኑ እስኪ እንነጋገር

ፈረስ_በኤፍ3፦

ሰላም የቼዝ ቤተሰብ።

ሰሞኑን የዓለም ሻምፒዮኖችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚደረድር ቪዲዮ አየሁ። ማክስ ኡዌ ጭራ ላይ ነው የተቀመጠው። ሰውየው ስለ እሱ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው፦ ሆላንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ፣ የዚያን ጊዜው ሻምፒዮን አሌኪን ጠጥቶ ስለመጣለት ቀንቶት አሸነፈ። በቃ፣ አለፈው። ከሥር ያለው ኮሜንት ደግሞ ሁሉም ሳቅ ነው።

እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1926 መጨረሻና በ1927 መግቢያ ላይ አሌኪንና ኡዌ 10 ጨዋታ ገጥመዋል። አሌኪን በ5½ ለ4½ አሸነፈ። አንድ ነጥብ ብቻ! ያኔ አሌኪን የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን ከዙፋኑ ሊያወርድ ወራት ነው የቀሩት። ጉልበቱ ሙሉ ነው። ኡዌ ደግሞ የ25 ዓመት ልጅ ነው፣ ዶክትሬቱን በሒሳብ ገና በ1926 መያዙ ነው። ስለዚያኛው ግጥሚያ ብርጭቆ የሚያነሳ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት ደግሞ ተመልከቱ። ቦጎልዩቦቭን በ1928 ሁለት ጊዜ ገጠመ፣ ሁለቱንም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ሄስቲንግስ 1930/31 ላይ ካፓብላንካን ከኋላው ትቶ አንደኛ ወጣ። በ1931 ከራሱ ከካፓብላንካ ጋር 10 ጨዋታ ገጥሞ ሁለት ተሸነፈ፣ ስምንቱን አቻ ወጣ። በ1932 ከፍሎር ጋር 8 ለ8። ይሄ ሰው ድንገት ከክፍል ወጥቶ የመጣ አስተማሪ ይመስላችኋል? በሩን ሲያንኳኳ ዓመታት አልፈውታል።

ከዚያ 1935፣ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከአሌኪን ጋር። ከጥቅምት 3 እስከ ታኅሣሥ 15፣ 30 ጨዋታ፣ 13 የሆላንድ ከተሞች። አንድ ቀን አምስተርዳም፣ ሌላ ቀን ዴልፍት፣ ሌላ ቀን ኽሮኒንገን። ከዘጠነኛው ጨዋታ በኋላ አሌኪን 6 ለ3 ይመራ ነበር። ሆላንዶቹ ራሳቸው ተስፋ የቆረጡ ይመስለኛል። ኡዌ ግን ቀስ በቀስ ተጠጋ፣ 24ኛው ሲያልቅ 12 ለ12 ሆኑ፣ 25ኛውንና 26ኛውን አከታትሎ ወሰደ። አሌኪን 27ኛውን መለሰ። የቀሩት ሦስቱ አቻ። 15½ ለ14½።

ኡዌ 9 አሸነፈ፣ አሌኪን 8። ሰካራም ሰው ስምንት ጨዋታ ያሸንፍሃል?


አራዳ_ሩክ፦

ፈረስ፣ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ወደ አንድ ወገን አጋደልክ።

አሌኪን መጠጣቱ እኮ የመንደር ወሬ አይደለም። ኤርሜሎ ላይ በተደረገው 21ኛው ጨዋታ ሞቅ ብሎት እንደመጣ በብዙ ቦታ ተጽፏል። በ1937 ደግሞ መጠጡን እርግፍ አድርጎ መጣ። ምን ሆነ? 15½ ለ9½። 10 አሸነፈ፣ 4 ብቻ ተሸነፈ። 30 ጨዋታ ሊጫወቱ ነበር፣ በ25 አለቀ።

ታዲያ ምን ትለኛለህ? አንዱ ሰው ነው፣ ያው ሁለቱ ናቸው፣ የተለወጠው ብርጭቆው ብቻ ነው።


ፈረስ_በኤፍ3፦

አራዳ፣ ብርጭቆው ብቻ አይደለም የተለወጠው። በ1935 አሌኪን ኡዌን ንቆት ነው የመጣው። በ1937 ግን ተምሮ፣ ተዘጋጅቶ፣ ተናድዶ መጣ። የሚንቅህና የሚፈራህ ሰው እኩል አይጫወትም።

ሁለተኛ፣ በመሃል ያለውን 1936 ዘለልከው። ኖቲንግሃም ላይ ቦትቪኒክና ካፓብላንካ አንደኝነቱን ተካፈሉ። ኡዌ ከነሱ በግማሽ ነጥብ ብቻ ዝቅ ብሎ ሦስተኛነቱን ከፋይንና ከሬሼቭስኪ ጋር ተጋራ። አሌኪን? ስድስተኛ። ላስከር እንኳ ሳይቀር የነበረበት ውድድር ነው ይሄ። ሻምፒዮኑ ሻምፒዮን ሆኖ ነው የተጫወተው።

ሦስተኛ፣ ይሄን ሁሌ የምንረሳው ነው። ኡዌ የመልስ ግጥሚያውን ሳያንገራግር ሰጠ። አሌኪን ካፓብላንካን በ1927 ከነጠቀው በኋላ ለዘውዱ ዳግም አልገጠመውም፣ እስከ ሞቱ ድረስ። ኡዌ እንደሱ ዓመታት ቢያጓትት ማን ያስገድደው ነበር?


አራዳ_ሩክ፦

የመጨረሻዋ ላይ እጄን አነሳለሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ማንም አልካደም። ግን ደረጃ የሚወጣው በጨዋነት አይደለም።


ሳባ_ከአምስተርዳም፦

ኧረ ስለ ኡዌ ስታወሩ እኔን ሳትጠሩኝ! የሥራ ቦታዬ ላይድሰፕላይን አጠገብ ነው። አጥሩን ዞር ስትሉ በሱ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። መሬቱ ላይ ትልቅ የቼዝ ሰሌዳ ተሥሏል። ፈረሱ ጉልበቴ ድረስ ይመጣል። ተጫዋቾቹ እየዞሩ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ያስባሉ፣ ከዚያ ንግሥቲቱን አንገቷን ይዘው ጎትተው ያስቀምጧታል።

ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያስቀኝ ተመልካቹ ነው። ሁሉም መካሪ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተጫዋቹን አላስቀምጥ ሲሉት ልጁ ተናዶ ሩኩን አቅፎ "እንግዲያው ና አንተ ተጫወት" በሚል ሁኔታ ሰጣቸው። ሽማግሌው ሳያፍሩ ተቀብለው ቀጠሉ። ፒያሳ ካፌ በር ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።

የማክስ ኡዌ ማዕከልም እዚያው ነው። ሕንፃው ድሮ እስር ቤት ነበር። ውስጡ የቼዝ መጻሕፍትና የሱ ዕቃዎች አሉ። አምስተርዳም የምትመጡ ካላችሁ እንዳታልፉት።

አሁን ለክርክሩ፦ እዚህ አገር ኡዌ ዕድለኛ ነበር ብትል ማንም አይስቅልህም። ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም ሆላንድ ሌላ የዓለም ሻምፒዮን አላወጣችም። እነ ቲማንን፣ እነ ጊሪን አይታ እንኳ።


ጋሽ_ካሬ፦

ልጆች፣ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ልግባ። ኡዌን ሁላችሁም "የሒሳብ አስተማሪ" እያላችሁ ታልፋላችሁ፣ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ። ሰውየው በ1929 የጻፈው አንድ ጥናት አለ፣ እሱን ብታውቁ ጨዋታውንም በሌላ ዓይን ታያላችሁ።

ያን ጊዜ ጀርመኖቹ የሚሠሩበት ደንብ ነበር። አንድ ዓይነት የእርምጃ ቅደም ተከተል ሳይቋረጥ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ጨዋታው አቻ ነው ይላል። ሐሳቡ ጨዋታ እንዳይንዛዛ ነው። ኡዌ "ይህ ደንብ በእርግጥ ጨዋታውን ያስቆማል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ አያስቆምም ሆነ።

እንዴት? ከ0 ተነሡ። ያላችሁን ገልብጣችሁ ከኋላው ቀጥሉ፣ 0ው 1 ይሁን፣ 1ዱ 0 ይሁን። 01 ይሆናል። አሁንም ገልብጣችሁ ቀጥሉ፣ 0110። አሁንም፣ 01101001። እንዲህ ያለማቋረጥ ይሄዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትኛውም ቁራጭ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አይመጣም። እንግዲህ በ0 ፋንታ የአንዱን ወገን ፈረሶች አውጥቶ መመለስን፣ በ1 ፋንታ የሌላውን ወገን ፈረሶች አውጥቶ መመለስን አስቡ። ሁለቱ ተጫዋቾች ደንቡን ሳይጥሱ ዕድሜ ልካቸውን ሊጫወቱ ይችላሉ።

ኖርዌያዊው ቱዌ ሰንሰለቱን ቀድሞ አግኝቶት ነበር፣ ኡዌ ግን በራሱ መንገድ ነው የደረሰበት። ዛሬ ደንቡ የእርምጃ ሳይሆን የአቀማመጥ መደጋገምን የሚቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1950ዎቹ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ዓለም ገባ፣ በኋላም በሮተርዳምና በቲልቡርግ የኢንፎርማቲክስ ፕሮፌሰር ሆነ። ሻምፒዮን ሆኖ ይህን የሠራ ሌላ ሰው ንገሩኝ።


ፈረስ_በኤፍ3፦

ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እድሜ ይስጥልኝ። ወረቀት አውጥቼ እስከ 32 አሃዝ ጻፍኩት። እውነትም ሦስቴ የሚደጋገም የለም።


ጀማሪ_ነኝ፦

ይቅርታ፣ ከመሃላችሁ ልግባ። አጨዋወቱ ምን ዓይነት ነው? የሒሳብ ሰው ሲባል ቀዝቃዛ፣ ምንም የማይረብሸው፣ እየቆጠረ የሚጫወት ይመስለኛል። እንደዛ ነው?


ፈረስ_በኤፍ3፦

ጀማሪ፣ ሁሉም የሚስተው እዚህ ጋ ነው። አዎ፣ ዝግጅቱ የሒሳብ ሰው ነው። መክፈቻዎችን በዘመኑ እንደሱ ያጠና ጥቂት ነው፣ ስለ መክፈቻ ቲዎሪ ተከታታይ መጻሕፍት ጽፏል። በ1935 ስላቭ መከላከያን ደጋግመው ሲጫወቱ አሌኪን የሚያውቀው ይመስለው የነበረውን መንገድ ኡዌ ሰንጥቆ አይቶት ነበር። በዕቅድ ይጫወታል። በየደረጃው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሰሌዳው ሲከፈት ግን ሌላ ሰው ነው። ይመታል። መስዋዕት ይከፍላል። ሰዎች መጻሕፍቱን አንብበው አጨዋወቱንም እንደ መጻሕፍቱ ጸጥ ያለ ያደርጉታል። ጨዋታዎቹን ክፈትና እይ።

26ኛውን እንይ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1935፣ የባሕር ዳርቻ ከተማዋ ዛንድፎርት። እስከ ዛሬ "የዛንድፎርት ዕንቁ" ይሉታል። ኡዌ ነጭ ነው። አሌኪን በሆላንዳዊው ላይ የሆላንድ መከላከያን መረጠ፣ ድፍረቱ! ሁለቱም ንጉሦቻቸውን አስገቡ፣ መሃሉ ተዘጋ፣ ጥቁር ወታደሮቹን ኤፍ5 እና ኢ4 ላይ (የሰሌዳው ካሬዎች ስም ነው) ተክሎ የነጭን ንጉሥ ሊያጠቃ ይጠብቃል።

በ21ኛው እርምጃ ኡዌ ፈረሱን ኤፍ5 ላይ ከተተና ወታደሩን በላ። አሌኪን ሲ3 ያለውን ቢሾፕ ወሰደ። ፈረሱ አልቆመም፣ ዲ6 ላይ ሁለተኛ ወታደር፣ ኢ4 ላይ ሦስተኛ ወታደር። ሲጠቃለል አንድ ቢሾፕ ሰጥቶ ሦስት ወታደር ወሰደ። በቁጥር እኩል ነው ልትል ትችላለህ። ግን መሃሉን እይ። የጥቁር ወታደሮች የሉም። የነጭ ወታደሮች ኢ4፣ ኢ5፣ ኢ6 እያሉ ይወርዳሉ፣ የሚያስቆማቸው የለም። አሌኪን የጂ መስመርን ከፍቶ በሩክና በንግሥት ሊመታ ሞከረ። ኡዌ 30ኛው ላይ ሩኩን ጂ1 አስቀምጦ ለቢሾፑ ሰጠው፣ በልቶም መለሰ። ከዚያ ንግሥቶቹ ተለዋወጡ። ጥቃቱ ያልቃል ስትል ገና መጀመሩ ነው። አንድ ፈረስና አንድ የኢ ወታደር ሆነው ሁለት ሩኮችን አሰሩ። 47ኛው ላይ አሌኪን እጁን ሰጠ።

ይሄ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮናው ሊያልቅ አራት ጨዋታ ሲቀር፣ በአንድ ነጥብ ብቻ እየመራ የተጫወተው ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔ አቻ ፈልጌ እተኛ ነበር።


አራዳ_ሩክ፦

ዛንድፎርት ላይ ክርክር የለኝም። እሱን ጨዋታ ያላከበረ ቼዝ አይወድም።

ግን 1948ን ማን ያነሣል? አሌኪን በ1946 ዘውዱን እንደያዘ ሞተ። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ለባዶው ዘውድ አምስት ተጫዋቾች ሰብስቦ ሄግና ሞስኮ ላይ አጫወታቸው። ኡዌ ከ20 ጨዋታ 4 ነጥብ። አንድ ድል። አምስተኛ ከአምስት። እሱንም አሌኪን አጠጣው?


ጋሽ_ካሬ፦

አራዳ፣ ምላስህ ስለት ነው። ያኔ ዕድሜው ወደ 47 እየተጠጋ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እኮ በ1946 ኽሮኒንገን ላይ ከቦትቪኒክ በግማሽ ነጥብ አንሶ ሁለተኛ ነው የወጣው። በመጨረሻው ዙር በኮቶቭ ባይሸነፍ ኖሮ ቢያንስ አንደኝነቱን ይካፈል ነበር። ቦትቪኒክም በዚያው ዙር ለናይዶርፍ ወድቋል። የ1948ቱ ውጤት መጥፎ ነው፣ አልሸፍነውም። ግን አንድ ሰው በአንድ ውድድር አይመዘንም።


አራዳ_ሩክ፦

ጋሼ፣ በእርስዎ አልጨክንም። ግን እሱም ዝናው አለ እኮ፦ የተሸነፈ ጨዋታ የሚያድን ሳይሆን የያዘውን ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚጥል። ከኬሬስ ጋር በ1939/40 በ7½ ለ6½ ሲሸነፍ እንኳ እንደዛ ያሉ ጨዋታዎች አሉ። ትልልቆቹ ሻምፒዮኖች ላይ እንዲህ በብዛት አይታይም።


ፈረስ_በኤፍ3፦

ይሄ ትክክለኛ ነቀፋ ነው፣ ከመጠጡ ወሬ በላይ የሚመዝን። ይስታል። ደክሞት ይስታል። ግን ከሌሎቹ የሚለየው ነገር አለ፦ ቼዝ እንጀራው አልነበረም። አሌኪን ከውድድር ወደ ውድድር ሲዞር ኡዌ ልጃገረዶችን ሒሳብ ያስተምራል። ካሳለፈው ሕይወት አንጻር ምን ያህል ጨዋታ ተጫውቶ እዚያ እንደደረሰ አስብ። ሰበብ አልልህም፣ ምክንያት ነው።

ለማንኛውም ስለ ዕድሜ ከተነሣ የ1953ቱን የዙሪክ ውድድር እንይ። ኡዌ 52 ዓመቱ ነው፣ ከ15 ተጫዋች 14ኛ ወጣ። ደካማ ውጤት። ግን በሁለተኛው ዙር ጌለርን እንዴት እንዳሸነፈው የማያውቅ ካለ ዛሬ ይወቅ።

ጌለር ነጭ ነው፣ ወጣት ነው፣ እሳት ነው። ንግሥቱ ኤች7 ላይ ቼክ ብላ ገብታለች፣ ሩኩ ኤች4 ላይ ነው፣ ቢሾፑ ኤች6 ላይ ወርዷል። ጥቁሩ ንጉሥ ኤፍ7 ላይ ብቻውን ቆሟል። ማንም ቢያየው ጥቁር አልቆለታል ይላል። ኡዌ በ22ኛው እርምጃ ምን አደረገ? ሩኩን ኤች8 ላይ አስቀመጠው። ለንግሥቲቱ በነጻ። "ብያት" ብሎ።

ንግሥቲቱ በላች። ጥጉ ውስጥ ተቀረቀረች። የኡዌ ሌላኛው ሩክ ሲ2 ገባ፣ ቢሾፑ ከቢ7 ጂ2ን ያያል፣ ንግሥቱ ዘልላ መጣች። ከአራት እርምጃ በኋላ፣ በ26ኛው፣ ንግሥቱ ኤፍ3 ላይ ስታርፍ ጌለር አቆመ። ማቱን የሚያስቀርለት አልነበረም። የነጭ ንግሥት ኤች8 ላይ ሆና ጨዋታውን እንደ ተመልካች አየችው።


ሳባ_ከአምስተርዳም፦

ይሄን አሁን ስልኬ ላይ አየሁት። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩት። እጄ አላምን አለ።

እኔ ከጨዋታው ውጪ ያለውን ልጨምር። ከ1970 እስከ 1978 የፊዴ ፕሬዚዳንት ነበር። የፊሸርና የስፓስኪ ነገር በሱ ዘመን ነው የሆነው። በ1972 ፊሸር ሬይክያቪክ ሳይመጣ ቀኑ ደረሰ። ደንቡ ቢጠበቅ ስፓስኪ ያለ ጨዋታ ያሸንፍ ነበር። ኡዌ ጊዜ ሰጠው። ሶቪየቶቹ ደንብ ጣሰ ብለው ጮኹ፣ እውነታቸውን ነው። ግን ያ ውሳኔ ባይኖር የምናውቀው ትልቁ ግጥሚያ አይኖርም ነበር። በ1975 ደግሞ ያው ፊሸር 10 ድል ይሁን፣ 9 ለ9 ከደረስን ዘውዱ ከኔ ጋር ይቅር አለ። አሥር ድሉን ፊዴ ተቀበለ፣ 9 ለ9ኙን አልተቀበለም። ፊሸር ቀረ፣ ካርፖቭ ሻምፒዮን ተባለ።


ጀማሪ_ነኝ፦

ፊሸርና ኡዌ ተጫውተው ያውቃሉ እንዴ?


ጋሽ_ካሬ፦

አዎ ልጄ። በ1957 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት ጨዋታ። ፊሸር ገና 14 ዓመት ሞልቶት ነበር። ኡዌ አንዱን አሸነፈ፣ አንዱ አቻ። 1½ ለ½።


አራዳ_ሩክ፦

እሺ፣ ላስታርቃችሁ። ጌለርን ያሸነፈበትን አሁን ኢንጂን (የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ከትቼ አየሁት፣ ከተነሡት ሁሉ የመታኝ እሱ ነው። ከመጨረሻው ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ አትለምኑኝ። ግን አንድ ጥያቄ፦ ጌለር ሩኩን ከበላ በኋላ በ24ኛው ሩኩን ሲ1 ላይ ማምጣቱ ግድ ነበር?


ፈረስ_በኤፍ3፦

ግድ አልነበረም። የተሻለው የዲ ወታደሩን ወደ ዲ5 መግፋት ነበር። ሁለት ነገር ይሠራል፦ ኢ6 ያለችውን ንግሥት ይነካል፣ ከቢ7 እስከ ጂ2 የሚሄደውን የቢሾፑን መስመር ይዘጋል። ቢሾፑ ወታደሩን ቢበላ እንኳ ነጭ ትንፋሽ የሚወስድበት አንድ እርምጃ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ትግሉ ይረዝማል። ከኢንጂን በፊት ራስህ ከዲ5 በኋላ ያለውን በሰሌዳ ላይ ሞክረውና ያገኘኸውን እዚህ ለጥፈው።